ሁለት ሹም፣ አንድ ዓመት፦ የሮም ሪፐብሊክ እንዴት ይሠራ ነበር፣ ለምንስ ፈረሰ?

ሮም ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቄሣር ነው። ነገር ግን ቄሣሮች ከመነሣታቸው በፊት ሮም አምስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ንጉሥ ኖራለች። ጣሊያንን ጠቅልላ የያዘችውም፣ በሰሜን አፍሪካ የነበረችውን ካርታጎን ያጠፋችውም፣ ግሪክንና ሶርያን የገዛችውም በዚያ ዘመን ነው። ይህ ሥርዓት፣ ማለትም ሪፐብሊኩ፣ ያሸነፈው የውጭ ጠላት የለም። ያፈረሱት የራሱ ሹማምንት ናቸው፤ ያውም አብዛኛው ሕጉ በቦታው እንዳለ። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ መንግሥቱ ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቅ.ል.ክ. ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው።)

ንጉሥን የሚፈራ ሥርዓት

በሮማውያን ትውፊት መሠረት ከተማይቱ በ753 ቅ.ል.ክ. ተቆረቆረች፤ ሰባት ነገሥታት ተፈራርቀውባት የመጨረሻው ታርኲንየስ በ509 ቅ.ል.ክ. ተባረረ። የነገሥታቱ ታሪክ ከአፈ ታሪክ ጋር የተቀየጠ ስለሆነ እነዚህን ዓመታት እንደ ትውፊት መያዝ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ግን በሮም ፖለቲካ ውስጥ አንድን ሰው «መንገሥ ይፈልጋል» ብሎ ከመክሰስ የከፋ ክስ አልነበረም። መንግሥቱም የተዋቀረው በዚህ ፍርሃት ላይ ነው። ሹመት ከጥቂቶቹ በቀር ለአንድ ዓመት ብቻ ይሰጣል። አንዱን ሹመት ቢያንስ ሁለት ሰዎች እኩል ይይዙታል። እኩያም ሆነ የበላይ የሆነ ሹም የሌላውን ትእዛዝ ሊያግድ ይችላል።

በአናቱ ላይ ሁለት ቆንስሎች ነበሩ። ይህ ሹመት ዛሬ በውጭ አገር ፓስፖርት ከሚያድሰው ቆንስል ጋር አይገናኝም፤ ጦር የሚመሩት፣ ሴኔት የሚባለውን ምክር ቤት የሚሰበስቡት፣ ዓመቱ ራሱ በስማቸው የሚጠራው እነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው በ12 አጃቢዎች ይታጀባሉ፤ አጃቢዎቹ በትከሻቸው የሚሸከሙት የበትር እስር ነው። ከከተማ ውጭ በእስሩ መካከል መጥረቢያ ይሰካል፤ ቆንስሉ በዘመቻ ላይ የሞት ፍርድ የመፈጸም ሥልጣን አለውና። ሮም ውስጥ ግን መጥረቢያው ይወጣል፤ በከተማይቱ ያለ ዜጋ ሞት ቢፈረድበት ወደ ሕዝቡ ይግባኝ ማለት ይችላል።

በሁለት መመራት ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም ነበር። ሁለቱ ቆንስሎች አንድ ላይ ሲዘምቱ ጦሩን በየቀኑ እየተፈራረቁ ያዝዙ ነበር። በ216 ቅ.ል.ክ. የካርታጎው የጦር አዛዥ ሃኒባል በደቡብ ጣሊያን ካናይ ላይ ሲጠብቃቸው አንዱ ቆንስል ቫሮ መዋጋት፣ ሌላው ጳውሉስ መታገሥ ይፈልግ እንደነበር ጥንታውያኑ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ተራው የቫሮ በሆነበት ቀን ጦሩ ወደ ሜዳ ወጣ፤ በዚያው ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር አለቀ። ሮማውያን እንዲህ ላለው ጭንቅ ሌላ መፍትሔ ነበራቸው፦ ዲክታተር የሚባል አንድ ሰው ይሾማል፣ ሌላው ሹም ሁሉ ይታዘዘዋል፣ ከስድስት ወር በላይ ግን አይቆይም።

ከቆንስሎቹ በታች ያለው ሹመት ደረጃ አለው። ወጣቱ ፖለቲከኛ በ30 ዓመቱ ኳይስተር ሆኖ ገንዘብ ያዥነት ይጀምራል፤ በ39 ፕሬተር ሆኖ ፍርድ ቤት ይመራል፤ በ42 ለቆንስልነት መወዳደር ይችላል። (ዕድሜዎቹ በዚህ መልክ የጸኑት በጄኔራሉ ሱላ ዘመን፣ በ81 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ነው።) በመካከሉ ገበያውን፣ መንገዱን፣ ውኃውንና የሕዝብ ትርኢቱን የሚቆጣጠር ኢዲል የሚባል ሹመት አለ። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ሁለት ሴንሰሮች ለ18 ወራት ይሾማሉ፤ ሕዝቡንና ሀብቱን ይመዘግባሉ፣ ነውረኛ ያሉትን ሰው ከሴኔቱ ይሰርዛሉ።

ለእነዚህ ሹመቶች አንዳቸውም ደሞዝ የላቸውም። ይህን አለማስተዋል ብዙ ሰው የሮምን ፖለቲካ በተሳሳተ መንገድ እንዲረዳ ያደርጋል። ተወዳዳሪው ከኪሱ ያወጣል፤ ኢዲል ሲሆን ሕዝቡን የሚያስደስት ትርኢት ያዘጋጃል፣ ኪሱ ሲደርቅ ይበደራል። ፕሬተርነቱን ወይም ቆንስልነቱን ሲጨርስ አንድ አውራጃ እንዲያስተዳድር ይላካል፤ ዕዳውን የሚከፍለው እዚያ ካለው ሕዝብ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ጁሊየስ ቄሣር በ61 ቅ.ል.ክ. ወደ ስፔን ሊሄድ ሲነሣ አበዳሪዎቹ አላስኬድ ብለውት፣ ሀብታሙ ክራሱስ በ830 መክሊት ዋስ ሆኖለት ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን ዘረፋ የሚዳኝ ቋሚ ፍርድ ቤት በ149 ቅ.ል.ክ. ተቋቁሞ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ከተከሳሹ ጋር አንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሴናተሮች ነበሩ።

ሴኔቱ ራሱ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም፤ በወጉ የሚሰጠው ምክር ብቻ ነው። ነገር ግን 300 ያህሉ አባላት በሹመት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ መቀመጫቸውም የዕድሜ ልክ ነው። ግምጃ ቤቱ፣ የውጭ ጉዳዩ፣ ማን የትኛውን አውራጃ ያስተዳድር የሚለው ሁሉ በእጃቸው ነው። ለአንድ ዓመት የተሾመ ቆንስል ነገ ተመልሶ ከእነሱ ጋር ስለሚቀመጥ ምክራቸውን ለመጣስ አይደፍርም።

ይህ ሁሉ ለባላባቱ የተመቸ ነው። ተራው ሕዝብ ለራሱ ያበጀው መከላከያ ትሪቡን ይባላል። በትውፊቱ በ494 ቅ.ል.ክ. በዕዳ የተማረሩ ተራ ዜጎች ከከተማይቱ ወጥተው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ፤ ካልተደመጥን አንዘምትም አሉ። ሲመለሱ የራሳቸውን ጠበቆች የመምረጥ መብት አግኝተው ነበር፤ ቁጥራቸውም ቆይቶ አሥር ሆነ። ትሪቡን ጦር የለውም፣ አጃቢም የለውም። ያለው አካሉን የነካ ሰው እንዲገደል ሕዝቡ የገባው መሐላ ነው። በዚያ መሐላ ተማምኖ በሹምና በዜጋ መካከል ይቆማል፤ የማንንም ሹም ትእዛዝ፣ የሴኔቱን ውሳኔ፣ የባልደረባውን ረቂቅ ሕግ በአንድ ቃል ያግዳል። የቤቱ በር ሌትም ቀንም ክፍት መሆን አለበት። ከከተማይቱ ውጭ ማደር አይፈቀድለትም፤ ሥልጣኑም ከቅጥሩ አንድ የሮማ ማይል ሲያልፍ ያበቃል።

ድምፅ እንዴት ይሰጥ ነበር

ዜጋው ሁሉ ድምፅ ነበረው፤ ዜጋ ማለት ግን ነፃ ወንድ ነው። ሴቶችና ባሮች አይመርጡም። ድምፁም የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቡድን ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ብዙኃኑ የመረጡት የቡድኑ አንድ ድምፅ ይሆናል።

ቆንስሎችንና ፕሬተሮችን የሚመርጠው ጉባኤ 193 ቡድኖች ነበሩት። 18ቱ የፈረሰኞች፣ 80ዎቹ የአንደኛው የሀብት መደብ ናቸው፤ ሲደመሩ 98። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 97 ነው። ስለዚህ ሀብታሞቹ ከተስማሙ ምርጫው በእነሱ ያልቃል፤ ቆጠራው ይቆማል፣ ድሃው ተራው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምንም ንብረት የሌላቸው ዜጎች ስንትም ይሁኑ ስንት በአንድ ቡድን ውስጥ ታጭቀዋል። በሦስተኛው ምዕት ዓመት ቅ.ል.ክ. የአንደኛው መደብ ቡድኖች ወደ 70 ስለቀነሱ ሁለተኛውም መደብ ሳይጠየቅ ምርጫ የማያልቅ ሆነ፤ የታችኞቹ ዕጣ ግን ብዙም አልተለወጠም። ሌላው ጉባኤ በ35 ነገዶች የተከፈለ ነው፤ 4 የከተማ፣ 31 የገጠር። እዚህ ሀብት ባይቆጠርም የከተማው ሕዝብ ሁሉ በአራት ነገድ ተወስኗል፤ ከገጠር ነገድ ግን ወደ ሮም መጥቶ ለመምረጥ አቅሙ ያለው ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። መራጮቹ ከከተማው ቅጥር ውጭ ባለው የማርስ ሜዳ በአጥር በተከፋፈለ ቦታ በየቡድናቸው ይቆማሉ። በጥንቱ ልማድ እያንዳንዱ ሰው ምርጫውን ለመዝጋቢው በቃሉ ይናገራል፤ መዝጋቢው ነጥብ ያደርጋል። የመሬቱ ባለቤት ወይም አበዳሪው አጠገቡ ቆሞ እየሰማ ድሃው ምን ሊል እንደሚችል መገመት አይከብድም። በ139 ቅ.ል.ክ. የወጣ ሕግ ምርጫን ምስጢራዊ አደረገው፤ በሁለት ዓመት ልዩነት የፍርድ፣ በ131 ደግሞ የሕግ ማጽደቅ ድምፅ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ መራጩ ሰም የተቀባ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ ወጥቶ ሰሌዳውን ከጫፉ ባለው ረጅም ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። በ113 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተመታ የብር ዲናር ላይ ይኸው ተቀርጿል፦ አንዱ መራጭ ከድልድዩ ሥር ካለው ሰው ሰሌዳ ሲቀበል፣ ሌላው ሲጥል ይታያል። ተጽዕኖ ፈጣሪዎቹ ሰዎች ግን ድልድዩ ላይ እየቆሙ ሰሌዳ ማየት ጀመሩ። ኋላ ስመ ጥር ጄኔራል የሆነው ማሪየስ በ119 ቅ.ል.ክ. ትሪቡን ሳለ ድልድዮቹ እንዲጠብቡ ሕግ ያወጣው በመራጩ አጠገብ ሌላ ሰው መቆሚያ እንዲያጣ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ተገፍቶ ተገፍቶ ያገኘው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ከሮም ታሪክ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

አንድ ጉድለት ግን ፈጽሞ አልታረመም። ድምፅ የሚሰጠው በአካል ሮም ተገኝቶ ብቻ ነው። በ70 ቅ.ል.ክ. በተደረገው ቆጠራ ወደ 900,000 ዜጎች ተመዝግበዋል፤ በመላው ጣሊያን የተበተነ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምርጫ ሥራውን ትቶ ሊመጣ አይችልም፣ ቢመጣም ሜዳው አይበቃውም። ውክልና የሚባል ነገር፣ ማለትም በየአካባቢው ተመርጦ የሚላክ እንደራሴ፣ ሮማውያን በማዕከላዊ መንግሥታቸው አልሞከሩም። የአንድ ከተማ ሥርዓት ዓለምን እንዲገዛ ተጠየቀ።

ማን ጀመረው?

የሪፐብሊኩ ትልቁ ክፍል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ «የአባቶች ልማድ» የሚሉት ነው። ትሪቡን እገዳውን እንደ መጨረሻ መሣሪያ ይዞ በትንሽ ነገር አያወጣውም፤ የታገደውም ሰው ይቀበላል። ይህ የተበጠሰው በ133 ቅ.ል.ክ. ነው።

ችግሩ መሬት ነበር። ሮም ድል ካደረገቻቸው ሕዝቦች የወሰደችው የመንግሥት መሬት በባለጸጎች እጅ ገብቶ በባሪያ ይታረስ ነበር። በሌላ በኩል ለዓመታት ባሕር ማዶ የዘመተው ገበሬ ሲመለስ እርሻው ጠፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጦሩ የሚመለምለው ደግሞ ንብረት ያለውን ዜጋ ነው፤ ገበሬው ሲደኸይ ወታደሩም ይሳሳል። ትሪቡኑ ቲቤሪየስ ግራኩስ ማንም ሰው ከ500 ዩጌራ፣ ማለትም ከ125 ሄክታር ገደማ በላይ የመንግሥት መሬት እንዳይይዝ፣ ትርፉም ለድሆች እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረበ። ገደቡ አዲስ አልነበረም፤ የቆየ ሕግ ነው፣ የሚያስከብረው ጠፍቶ እንጂ። ረቂቁን ግን ለሴኔቱ ሳያማክር በቀጥታ ለሕዝቡ አቀረበው። ባልደረባው ትሪቡን ኦክታቪየስ አገደው። እምቢ ሲልበት ግራኩስ ሕዝቡን ድምፅ አሰጥቶ ኦክታቪየስን ከሹመቱ አወረደው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልተደረገም። ቀጥሎም ለሁለተኛ ዓመት ልወዳደር አለ። በምርጫው ቀን ሊቀ ካህናቱ ስኪፒዮ ናሲካ ሴናተሮችን አስከትሎ ወጣ፤ የወንበር እግር እየሰበሩ ግራኩስንና 300 ያህል ደጋፊዎቹን ቀጥቅጠው ገደሉ፤ ሬሳቸውን ቲቤር ወንዝ ጣሉት። አካሉ የማይነካ የተባለ ትሪቡን በሴናተሮች እጅ ሞተ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግራኩስ የእገዳን ልማድ ሰብሯል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ልማድን በድምፅ መስበርና ሰውን በዱላ መግደል አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፤ የበደሉ ክብደት ያለው ከሴኔቱ ወገን ነው። ወንድሙ ጋዩስ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ይዞ በ121 ቅ.ል.ክ. ተገደለ። በዚህ ጊዜ ሴኔቱ «ቆንስሎች ሪፐብሊኩ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠብቁ» የሚል ውሳኔ አውጥቶ ግድያውን የሕግ መልክ ሰጠው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከመሬት ወደ ጦር ተሻገረ። ማሪየስ በ107 ቅ.ል.ክ. ንብረት የሌላቸውን ዜጎች በፈቃደኝነት መመልመል ጀመረ። ወታደር ተገኘ፤ ነገር ግን ይህ ወታደር ዘመቻው ሲያልቅ የሚመለስበት እርሻ የለውም። መሬት የሚያስገኝለት ጄኔራሉ ነው፤ ሴኔቱ ለጡረተኛ ወታደር ቋሚ ድርሻ መመደብን ደጋግሞ ስላልፈቀደ ታማኝነቱ ወደ አዛዡ ዞረ። በ88 ቅ.ል.ክ. ሱላ የተሰጠው ዘመቻ በሕዝብ ድምፅ ለማሪየስ ሲተላለፍበት ጦሩን ይዞ ሮም ገባ። መኮንኖቹ ከአንዱ በቀር ጥለውት ሄደዋል፤ ተራው ወታደር ተከተለው። ከዘመቻው ተመልሶም በ82 ዲክታተር ሆነ፤ የስድስት ወር ገደብ ቀረ፤ የሚገደሉ ሰዎች ስም በአደባባይ ተለጠፈ፣ ለገዳዩ ሽልማት ተቆረጠ። የሚገርመው ሱላ ይህን ሁሉ ያደረገው ሴኔቱን ለማጠናከር ነው። የትሪቡኖችን ሥልጣን ቆረጠ፣ ሴኔቱን ወደ 600 አሳደገ፣ ከዚያም ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። ሕጎቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው መፍረስ ጀመሩ፤ ሮም በራሷ ጦር ልትያዝ እንደምትችል ያሳየው ምሳሌ ግን አልተረሳም። ቄሣር በጥር 49 ቅ.ል.ክ. የጣሊያን ወሰን የሆነውን ሩቢኮን ወንዝን ከጦሩ ጋር የተሻገረው ያንኑ መንገድ ይዞ ነው። በ44 የዕድሜ ልክ ዲክታተር ሆነ፤ መጋቢት 15 ቀን ሴናተሮች በጩቤ ገደሉት። ገዳዮቹ አንዱን ሰው ሲያስወግዱ ሪፐብሊኩ በራሱ የሚመለስ መስሏቸው ነበር፤ ለማግስቱ ዕቅድ አልነበራቸውም።

ስሙ ቀረ፣ ሥልጣኑ ሄደ

የቄሣር የማደጎ ልጅ ኦክታቪያን ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ድል ነሥቶ በ27 ቅ.ል.ክ. ሪፐብሊኩን ለሴኔቱና ለሕዝቡ መለስኩ አለ፤ ሴኔቱም አውግስጦስ የሚል ስም ሰጠው። ዘዴው ሹመትን ከሥልጣን መለየት ነው። በ23 ቅ.ል.ክ. ቆንስልነቱን ለቀቀ፤ በምትኩ ትሪቡን ሳይሆን የትሪቡን ሥልጣን ያዘ፦ አካሉ አይነካም፣ ማንንም ያግዳል፣ እሱን የሚያግድ እኩያ ግን የለውም። ሰላም የሰፈነባቸውን አውራጃዎች ለሴኔቱ ትቶ አብዛኛው ጦር ያለባቸውን፣ ሶርያን፣ ጎልን (የዛሬዋን ፈረንሳይ አካባቢ) እና የስፔንን ብዙ ክፍል፣ ለራሱ አስቀረ። የሮም እህል የሚመጣባትን ግብፅን ሴናተር ሳይፈቀድለት እንዳይረግጣት ከለከለ። የወታደሩን ጡረታም መልክ አስያዘው፦ በ6 ዓ.ም. ከራሱ 170 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) አውጥቶ ልዩ ግምጃ ቤት አቋቋመ፤ የውርስ 5 በመቶና የጨረታ ሽያጭ 1 በመቶ ግብር መደበለት። ለአንድ መቶ ዓመት ሴኔቱ እምቢ ያለው ነገር ይኸው ነው።

ያልፈታው አንድ ነገር ቀረ፦ ማን ይተካል? ንጉሥ የለም ስለተባለ የአልጋ ወራሽ ሕግ ሊኖር አልቻለም። ጉዳዩን የሚወስነው ጦሩ ሆነ። በ69 ዓ.ም. ብቻ አራት ንጉሠ ነገሥት ተፈራረቁ። በ193 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ ዘቦች ዙፋኑን ለጨረታ አቀረቡት፤ ዲዲየስ ዩልያኑስ ለእያንዳንዱ ዘብ 25,000 ሴስተርስ ቃል ገብቶ ገዛው፤ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ ተገደለ። ከ235 እስከ 284 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ20 በላይ ሰዎች ነግሠዋል፤ በአልጋው ላይ ያረፈ ጥቂት ነው። የወታደሩን ደሞዝ ለመሙላት ብሩን በመዳብ እየቀየጡ ስለመቱት የገንዘቡ የብር ይዘት ከ5 በመቶ በታች ወረደ፤ ዋጋ ናረ። ምዕራቡ በ476 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አጣ፤ ምሥራቁ በቁስጥንጥንያ እስከ 1453 ዘለቀ።

የተረፈው

ዜግነትን የአማርኛ አንባቢ ከሐዋርያት ሥራ ያውቀዋል። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሊገረፍ ሲታሰር ሮማዊ መሆኑን ሲናገር የሻለቃው ሰዎች ወዲያው ተለዩት፤ ሻለቃው ራሱ ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ የገዛ ነው። ኋላም ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል አገረ ገዢው ፊስጦስ ሊልከው ተገደደ። ይህ ያ ቀድሞ ወደ ሕዝቡ ይባል የነበረው ይግባኝ ነው፤ አሁን ሰሚው ቄሣር ሆኗል። በ212 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ በግዛቱ ላሉ ነፃ ሰዎች በሞላ ጎደል ዜግነት ሰጠ።

ሕጉ ከሁሉ በላይ ረጅም ዕድሜ አገኘ። የሮም ፕሬተር ክርክሩን ራሱ አይፈርድም፤ ተከራካሪዎቹን ሰምቶ የክርክሩን ጭብጥ በአጭር ጽሑፍ ያስቀምጥና ለዳኛ ይመራል፦ ይህ ተረጋግጦ ከተገኘ ፍረድበት፣ ካልተገኘ አሰናብተው። ባለቤትነትን ከይዞታ የለየው፣ ሽያጭና ኪራይ ያለ ሥነ ሥርዓት በስምምነት ብቻ እንዲጸኑ ያደረገው ይህ አሠራር ነው። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ በ530 ዓ.ም. ትሪቦኒያን የሚመራው ጉባኤ አቋቁሞ የሕግ ሊቃውንቱን ጽሑፍ አስጠረዘ፤ ወደ 2,000 ከሚጠጉ መጻሕፍት 50 ክፍል ያለው አንድ መድበል በሦስት ዓመት ወጣ። ወደ እኛም በሁለት መንገድ ደርሷል። በፍትሐ ነገሥት የሥጋዊው ክፍል ውስጥ ከቢዛንታይን የሕግ መመሪያዎች በዓረብኛ በኩል የተሻገሩ አንቀጾች አሉ፤ በ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ደግሞ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነው፤ የፈረንሳይ ሕግ ሥሩ ሮም ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። የጥንቱ የሮም ዓመት 355 ቀን ነበር፤ ጉድለቱን ካህናቱ ወር እየጨመሩ ያስተካክሉታል። ካህናቱ ፖለቲከኞች ስለሆኑ የወዳጃቸውን የሹመት ዓመት ያስረዝማሉ፣ የጠላታቸውን ያሳጥራሉ፤ ወራቱ ከወቅቶቹ ሦስት ወር ያህል ተዛነፉ። ቄሣር 46 ቅ.ል.ክ.ን 445 ቀን አድርጎ አስተካከለው፤ ከዚያ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር አዘዘ። ከሞተ በኋላ ካህናቱ መነሻውን ዓመት አብረው ስለቆጠሩ በየሦስት ዓመቱ ጨመሩ፤ ስሕተቱን አውግስጦስ አረመው። ግብፅን ከያዘ በኋላ በዚያ አገር የዘመን አቆጣጠር ላይ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ጭማሪ ቀን እንዲገባ አደረገ፤ በዘመነ ሉቃስ የምንቆጥራት ጳጉሜን 6 ከዚያ የመጣች ናት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ሰማዕታት የሚሉት ዘመንም የሚነሣው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 277 ዓ.ም. ላይ ይውላል።